በአመዳይ ላይ ፈር ስለ ቀደዱ ሰዎች

ሰውን አዲስ ትምህርት ከመጀመር የሚከለክሉት ነገሮች ብዙ ናቸው። የገንዘብ ማጣት አንድ ነው፤ የጊዜ ማጣት ሁለተኛ ነው፤ የመምህር መታጣት ሦስተኛ ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚበረታው ግን ከውስጥ ሆኖ በሩን የሚዘጋው ይሉኝታ ነው። ገንዘብ ያጣ ሰው ተበድሮ ይማራል፤ ጊዜ ያጣ ሰው ከእንቅልፉ ቀንሶ ይማራል፤ «ስወድቅ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?» የሚል ሰው ግን መጽሐፉም መምህሩም ከፊቱ ቀርበውለት ሳይማር ያረጃል።

ስለዚህ ነገር ለወጣቶች ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ ምሳሌ ሆኖ ያገኘሁት ከአገራችን ልማድ እጅግ የራቀ የሚመስል ሙያ ነው። ይኸውም ስኪ በሚባል ረጅምና ጠባብ ጣውላ ላይ ቆሞ፣ በሁለት ዘንግ እየተመረኮዙ፣ በአመዳይ ላይ አገር ማቋረጥ ነው። «ይህ ከእኛ ጋር ምን አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ከታሪክ የማመጣው ምስክር አለኝና። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የዋግ ሰው ነኝ፤ አገሬም ዝቋላ ነው። ዝቋላ ስል በሸዋ ያለውን፣ ገዳም ያለበትን ተራራ ማለቴ አይደለም፤ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀውን ቆላማ አገራችንን ማለቴ ነው። የዝቋላ ሰው የሚያውቀው የሸለቆውን ወበቅ፣ ማሽላንና ፍየልን ነው። ነገር ግን ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ቀን ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ከተከዜ ማዶ የሰሜንን ተራሮች ከሩቅ ያያል። ከነዚያ ተራሮች የሚልቀው ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱን የወረደው ነገር ምድሩን ነጭ አልብሶት ያድራል፤ ፀሐይ ሲወጣም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል።

ለዚህ ነገር ቋንቋችን የራሱ ስም አለው። እንደ ጠጠር እየተወረወረ የሚወርደው በረዶ ይባላል፤ ሌሊት ሣሩን የሚያከስለው ብርድ ውርጭ ይባላል፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ የሚወርደው ግን አመዳይ ነው። በግእዝም ሐመዳ ይባላልና ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ በመዝሙሩ ውስጥ አግኝቶታል። እንግዲህ ብዙዎቻችን ነገሩን በዓይናችን ባናየውም ስሙን ከአባቶቻችን ወርሰናል ማለት ነው።

ስሙን ብቻም አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ በመጣ ጊዜ፣ በዚያ ከቆመ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ ጽሑፍ አገኘ። ጊዜው ንጉሡ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት የሚዘጋጅበት ጊዜ ነበር፤ የአዱሊስም ሹም ጽሑፉ ተገልብጦ ለንጉሡ እንዲላክ ስለ ታዘዘ ሥራውን ለኮስማስ ሰጠው። ኮስማስም ለራሱ ግልባጭ አስቀርቶ በመጽሐፉ ውስጥ አኖረው። ዙፋኑ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቃሉ ግን በዚያ ነጋዴ ትጋት ከእኛ ዘመን ደረሰ።

ጽሑፉን ያስቀረጸው ከካሌብ በብዙ ዘመን የሚቀድም የአክሱም ንጉሥ ነው። የድንጋዩ መጀመሪያ ስለ ጎደለ ስሙ አልታወቀም። ይህ ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ ብዙ ሊቃውንት ከአገው ጋር የሚያገናኙትን አታጋው የተባለውን ሕዝብ ይጠራል፤ ቀጥሎም የሰሜንን ሰዎች ይጠራል። ስለ ሰሜን ሲናገርም ከወንዙ ማዶ በማይደረስባቸው ተራሮች ላይ እንደሚኖሩ፣ አገራቸው ብርድና ውርጭ እንደማይለየው፣ አመዳዩም ጥልቅ ከመሆኑ የተነሣ የሰው እግር እስከ ጉልበቱ እንደሚሰጥም ይገልጻል።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ያ ንጉሥ ኃያል ነበር፤ መርከብ ነበረው፤ ባሕር ተሻግሮ የሚዘምት ሠራዊት ነበረው። ዳሩ ግን በሰሜን ተራራ ላይ ሠራዊቱ አካሄድን እንደ ሕፃን እንደገና መማር ነበረበት። እስከ ጉልበቱ የሰጠመው ሰው ወታደሩ ነበር፤ የአገሩ ተወላጅ በየት እንደሚረገጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚወጣና እንደሚወረድ ያውቅ ነበር። እንግዲህ በጽሑፍ ከቀረልን የአገራችን ታሪክ ውስጥ በአመዳይ ላይ መሄድን እንደ ጀማሪ የቀመሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የአክሱም ወታደሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ዘመን አለፈና ነገሩ እንደ ተረት ተቈጠረ። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የመጣው ጄምስ ብሩስ በአገራችን አመዳይ መኖሩን አላመነም ነበር፤ በ1810 ከትግራይ በኩል ወደ ተከዜ የተጓዘው ሄንሪ ሶልት ግን የሰሜን ተራሮች ጫፍ ነጭ ለብሶ ማየቱን መሰከረ።

በሰሜን ተራሮች ላይ አመዳዩ ስለማይሰነብት አባቶቻችን ስኪ መሥራት አላስፈለጋቸውም። አመዳይ በዓመት ለአምስትና ለስድስት ወር በማይለቅባቸው አገሮች ያሉ ሰዎች ግን ወይ መንገድ መፈለግ ወይ በቤታቸው ተዘግተው መራብ ነበረባቸው። ስለዚህ ስኪ ጨዋታ ከመሆኑ አስቀድሞ የችግር ልጅ ነበረ። በሰሜን ሩሲያ ከረግረግ ውስጥ የተገኘ የስኪ ስባሪ 8,000 ዓመት ያህል የቆየ ነው ተብሎ ይገመታል። በስዊድን አገር ካልቭትሬስክ በሚባል ስፍራ በ1924 የተገኘው ደግሞ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ አብሮት የተገኘው ዘንግ ጫፉ እንደ አካፋ የተጠረበ ነው፤ አዳኙ በአንድ ዕቃ ሊመረኮዝም አመዳይ ሊዝቅም ይችል ነበር።

በኖርዌይ ታሪክም በ1206 ሁለት ወታደሮች የሁለት ዓመቱን ሕፃን ሆከን ሆከንሶንን ከጠላት አሽሽተው፣ በስኪ ተራራ አቋርጠው እንዳዳኑት ይነገራል፤ ሕፃኑም በ1217 ነገሠ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በቴሌማርክ አውራጃ ሶንድሬ ኑርሃይም የሚባል ድኻ ጭሰኛ፣ ጫማውን ከስኪው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ከተገመደ ልምጭ ሠርቶ የሙያውን መልክ ለወጠው። በ1888 ፍሪትዮፍ ናንሰን ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር የግሪንላንድን የበረዶ ምድር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በስኪ ተሻገረ። በ1924 በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ሲደረግ አገር አቋራጭ ስኪ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ። አንድ ሙያ ከአዳኝና ከጭሰኛ እጅ ተነሥቶ እስከ ዓለም አደባባይ የደረሰው እንዲህ ነው።

አሁን ስለ ትምህርቱ ልናገር። እኔ ወደ ኖርዌይ ለትምህርት የሄድሁት ጎልምሼ ነው። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው፤ እኛ በጥርና በየካቲት እህል ወቅተን ጎተራ በምናስገባበት ወራት እነርሱ በአመዳይ ይዋጣሉ። ስኪ መሄድን ያስተማረኝም የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በአገራችን ልማድ ታላቅ ታናሽን ያስተምራል እንጂ ጢሙ ያበቀለ ሰው ከሕፃን ፊት ቆሞ «አሁን የትኛውን እግር ላንሣ?» ብሎ አይጠይቅም። ልጁ ግን ስለ ዕድሜዬ አላሰበም፤ እግሬን ብቻ ይመለከት ነበር።

ሙያው በሩቅ ላየው ቀላል ይመስላል። የስኪው ጣውላ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከአራት ጣት ብዙ አይበልጥም። ጫማው ከፊት በኩል ብቻ ይታሰራል፤ ተረከዝ ነፃ ነው። ጣውላው መካከሉ ላይ እንደ ቀስት በጥቂቱ ደጋን ሆኖ ይሠራል። ሰው ክብደቱን በሁለቱም እግሮቹ አስተካክሎ ሲቆም የጣውላው መካከል ከአመዳዩ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በጫፎቹ ይንሸራተታል። ሙሉ ክብደቱን በአንዱ እግር ላይ ሲጥል ግን መካከሉ ተጭኖ አመዳዩን ይነካል። በዚያም ስፍራ የተቀባው የሚይዝ ሰም አመዳዩን ቆንጥጦ ስለሚይዘው ሰውየው ያን እግር ተመርኩዞ ራሱን ወደ ፊት ይገፋል። ሰሙም እንደ ቀኑ ብርድ ይለያያል፤ በጠና ብርድ ጊዜ ደረቁን፣ አየሩ ለዘብ ሲል ደግሞ ለስለስ ያለውን ይቀቡታል። ይህን ያላወቀ ሰው ወይ በቦታው ይንሸራተታል ወይ አመዳይ ከእግሩ ተጣብቆ ይገተራል።

እንግዲህ የሙያው ምሥጢር ሁለት እግር ላይ እኩል ከመቆም ወደ አንድ እግር በሙሉ ልብ መሸጋገር ነው። ጀማሪ የሚሰናከለውም በዚሁ ላይ ነው። ፍርሃት ስለሚይዘው ክብደቱን ግማሽ በግማሽ አድርጎ ይሄዳል፤ ግማሽ የተጫነ ጣውላ ደግሞ አይይዝም፤ ስላልያዘም ይወድቃል። ሰውየው ላለመውደቅ ብሎ የሚያደርገው ጥንቃቄ ራሱ ይጥለዋል። በሌላውም ትምህርት እንዲሁ ነው፤ አንድ እግሩን በቀድሞ ስፍራው ተክሎ ሌላውን ወደ አዲሱ የሚሰድ ተማሪ በሁለቱም አይጸናም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚማሩት መውደቅን ነው። አባቶቻችን «ከወደቁ ወዲያ መፈራገጥ ለመላላጥ» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ብዙ ሰው የተስፋ መቁረጥ ቃል አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔ ግን በአመዳይ ላይ ሆኜ ጥበብ መሆኑን አየሁ። ስኪ በእግሩ ያሰረ ሰው ወድቆ ቢፈራገጥ ጣውላዎቹ ይቆላለፋሉ፤ ይደክማል እንጂ አይነሣም። አስቀድሞ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎም ሁለቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን አስተካክሎ ወደ ቁልቁለቱ ሳይሆን አግድም ያዞራቸዋል፤ ከዚያም ተንበርክኮ በአንድ እግሩ ይቆምና ይነሣል። ምሳሌው መፈራገጥን ከለከለ እንጂ መነሣትን አልከለከለም። በዚያች አገር ለሕፃናቱ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ይህን ነው፤ ስለዚህ የወደቀ ልጅ ሲያዩ አይሥቁም፤ ማንም ሳይወድቅ እንዳልተማረ ሁሉም ያውቃልና።

ወደ እኛ አገር ሰዎች ልመለስ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ መድገሙን የማያውቅ ወጣት የለም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ብዙዎች አያስተውሉትም። በ1969 መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች አካሉ አልታዘዝ አለው፤ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ፤ እግሩ ግን ዳግመኛ መሄድ አልቻለም። በዓለም ላይ በእግሩ የሚስተካከለው ያልነበረ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ ሰው በቀድሞ ክብሩ ተከብሮ፣ የድሮውን እያወራ ቢኖር የሚወቅሰው አልነበረም። አበበ ግን በ1970 በስቶክ ማንደቪል በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ለመወርወር ከጀማሪዎች ጋር ተሰለፈ። በ1971 ደግሞ ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሳለ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ማየትን ትቶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ በአገር አቋራጭ ውድድር ተካፈለ፤ አሸነፈም። አሸናፊነቱ ደስ ያሰኛል፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥብኝ ከውድድሩ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በማያውቀው ምድር፣ በማያውቀው ዕቃ ላይ ተቀምጦ፣ እንዴት እንደሚያዝ ሲያሳዩት እሺ ማለቱ ነው። ጌታ የሆነ ሰው እንደገና ተማሪ ለመሆን ካልፈቀደ ጌትነቱ እስር ቤቱ ይሆናል። አበበ በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ከአበበ በኋላ የአፍሪቃ ሰዎች ወደ ክረምት ኦሎምፒክ አንድ አንድ እያሉ ብቅ አሉ። ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ በ1984 በሳራየቮ ከተራራ ቁልቁል በሚወረድበት የስኪ ውድድር ተሰለፈ። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ደግሞ ሯጭ ነበር፤ አንድ የስፖርት ጫማ ኩባንያ ወጪውን ችሎለት በ1996 ወደ ፊንላንድ ሄዶ ስኪን ከሀ ሁ ጀመረ። በ1998 በናጋኖ 10 ኪሎ ሜትር ሲወዳደር ከሁሉ ኋላ፣ 92ኛ ሆኖ ጨረሰ። የዚያ ውድድር አሸናፊ ኖርዌያዊው ብዮርን ዴሊ ወርቁን ለመቀበል አልቸኮለም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀውና አቀፈው። ይህን ያደረገው የሙያው ጌታ መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ሙያ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው በጀማሪው አይሥቅም፤ የሚሥቀው ዳር ቆሞ የሚያይ፣ አንድም ቀን ያልሞከረው ነው።

ኢትዮጵያን ወደዚያ አደባባይ ያገባት ሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል በ1974 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ ግዛት በስተ ሰሜን፣ ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሎምፒክ በተደረገባት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ሲማር ስኪን ለመደ። በኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲም በስኪ ተወዳደረ። ጎልምሶም «በኢትዮጵያ ስም ልወዳደር» የሚል አሳብ ባደረበት ጊዜ አገሩ የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትምና ፌዴሬሽኑን ራሱ ማቋቋም ነበረበት። አዲስ አበባ ሲመጣም አመዳይ ስለሌለ ከሥሩ መንኮራኩር ባለው አጭር ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በዘንግ እየገፋ ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ይመለከተው እንደ ነበር መገመት አያቅትም። በይሉኝታ የሚኖር ሰው ቢሆን ልምምዱ በመጀመሪያው ቀን ባበቃ ነበር።

በየካቲት 2006 በጣልያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ሮቤል የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ገባ። ከኋላው የተሰለፈ ሌላ ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ አልነበረም፤ ሰንደቁን ያዢውም ተወዳዳሪውም እርሱ ብቻ ነበር። ፕራጄላቶ በሚባል ስፍራ 15 ኪሎ ሜትሩን በጥንታዊው ስልት፣ ማለት በተሰመሩ ሁለት ትይዩ ፈሮች ውስጥ ወደ ፊት ብቻ በሚኬድበት ስልት ተወዳደረ። ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ግድም አሸነፈ፤ ሮቤል ከኋለኞቹ ተርታ ሆኖ ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በካናዳ በቫንኩቨር ኦሎምፒክ እንደገና ብቻውን ሰንደቁን ይዞ ገባ፤ በዚህ ጊዜ 15 ኪሎ ሜትሩን የተወዳደረው ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ በተስፋፋው፣ እግርን ወደ ጎን እየገፉ በሚሄዱበት በነፃው ስልት ነበር። አሁንም ከኋለኞቹ መካከል ሆነ፤ አሁንም ጨረሰ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ልሸሽገው አይገባኝም። አንዳንዱ ሰው «በሩጫ ወርቅ የለመደች አገር በማታውቀው ነገር ለምን ኋለኛ ትሆናለች? አመዳይ የሌለው ሕዝብ ስኪ ምን ያደርግለታል? ያ ገንዘብና ድካም ለሌላ ቢውል አይሻልም ወይ?» ይላል። ጥያቄው የተናቀ አይደለም። ድኻ አገር ሀብቷን የት እንደምታውል ማሰብ ይገባታል። ነገር ግን እኔ የምመልሰው ሁለት ነገር አለኝ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ሮም ላይ አበበ ሲያሸንፍ ኢትዮጵያ የማራቶን አገር ናት ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። በኦሎምፒክ የተካፈልነው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1956 በሜልቦርን ሲሆን በዚያ ጊዜ አንድም ሜዳልያ አላገኘንም። ዛሬ የምንኮራበት ሩጫ ራሱ አንድ ቀን ጀማሪዎች የነበርንበት ሙያ ነው። የ1956ቱ ሰዎች ኋለኛ መሆንን አፍረው ቢቀሩ የ1960ውን ደስታ ከወዴት ባገኘነው ነበር?

ሁለተኛው፣ ኋለኛ መሆን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የሚያውቀውን ሙያ አቃልሎ፣ ሳይለማመድ ቀርቦ ኋለኛ የሚሆን አለ፤ ይህ ነውር ነው። በክረምት ኦሎምፒክ ግን ማንም ስለ ፈለገ ብቻ አይሰለፍም፤ አስቀድሞ በታወቁ ውድድሮች የተወሰነውን መለኪያ ማሟላት አለበት። እንግዲህ በዚያ ኋለኛ የሆነ ሰው ከዓለም ምርጦች መካከል ኋለኛ ሆነ እንጂ ከመንገደኛ መካከል አልነበረም። ከሜዳው ውጭ የቀሩት ሚሊዮኖች ከእርሱም ኋላ ናቸው፤ የእነርሱን ቁጥር ግን ማንም አይጽፈውም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚህ ላይ ደስ በሚያሰኝ ነገር ብቻ አይፈጸምም። በ2014፣ በ2018ና በ2022 በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ አልታየም። የተቀደደው ፈር ሳይታረስ ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነገር በስኪ መሆኑ አይደለም፤ በብዙ ሥራችን እንዲህ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ወፍጮ ያቆማል፤ አንዷ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ትከፍታለች፤ አንዱ የጓሮ አትክልት በመስኖ ያለማል። የመንደሩ ሰው በመጀመሪያ ይሥቃል፤ ቀጥሎ ያደንቃል፤ ሦስተኛ ግን ተነሥቶ አይከተልም። ጀማሪው ሲደክም ወይም ሲሞት ሥራውም አብሮት ይቀበራል።

ቋንቋችን አንድን ሥራ አስቀድሞ የጀመረውን ሰው ፈር ቀዳጅ ይለዋል። ቃሉን ያመጣው ገበሬ ነው። ጠፍ መሬት ላይ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ፈር ሲቀድ በሬው ያስቸግረዋል፤ ድንጋይ ማረሻውን ያነጥረዋል፤ ፈሩም ይጣመማል። ያን ጠማማ ፈር አይቶ «ይህ ገበሬ አይደለም» የሚል ሰው እርሻን አያውቅም። ሁለተኛው ፈር የመጀመሪያውን ተከትሎ ይወጣል፤ ሦስተኛው ይቃናል፤ በመጨረሻ ማሳው እርሻ ይሆናል። እርሻን እርሻ ያደረገው የመጀመሪያው ፈር ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የወጡት ሁሉ ናቸው።

በአመዳይ አገርም ሕጉ ይኸው ነው። ጥልቅ አመዳይ በወረደ ቀን ብዙ ሰዎች በስኪ ሲጓዙ አንዱ ይቀድማል። እርሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ አንዳንዴም እስከ ጉልበቱ እየሰጠመ ሁለት ፈር ያወጣል፤ ተከታዮቹ በዚያ ፈር ውስጥ እየተንሸራተቱ በቀላሉ ይሄዳሉ። ቀዳሚው ከሁሉ ይልቅ ቀርፋፋ መስሎ ይታያል፤ የሚጎትተው የራሱን እግር ብቻ ሳይሆን የሁሉንም መንገድ ነውና። ሲደክመው ወደ ጎን ይወጣና ሁለተኛው ስፍራውን ይይዛል። ሁለተኛው ስፍራውን አልይዝም ቢል ግን ጉዞው በዚያው ይቆማል፤ ነፋስ ቢነሣም በአንዲት ሌሊት ፈሩን ይደፍነዋል።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ የምመክራችሁ አጭር ነው። ልትማሩት የሚገባችሁ አዲስ ነገር ሲመጣ፣ ቋንቋ ቢሆን ዕደ ጥበብ ቢሆን፣ መምህራችሁ ከእናንተ በዕድሜ የሚያንስ ቢሆንም እንኳ፣ ክብደታችሁን በሙሉ ልብ አሳርፉበት። ስትወድቁ አትፈራገጡ፤ እግራችሁን አስተካክላችሁ ተነሡ። ሌላው ሲወድቅ ብታዩት ደግሞ ብዮርን ዴሊን አስቡ። ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያው ለመሆን ዕድል ያልገጠማችሁ እንደ ሆነ አትዘኑ። በአገራችን ፈር ቀዳጅ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጎደለን ሁለተኛው ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን የቀደደውን ፈር ነፋስ ሳይደፍነው ደርሳችሁ ብትገቡበት እናንተ ናችሁ መንገድ የምታደርጉት።